ቺፖላ፤ የአንድ ልቦለዳዊ ምትሃተኛ የሥራ ዘመን

የመድረክ ምትሃተኞች በልቦለድ ዓለም ውስጥ ብርቅ አይደሉም። ከእነዚህ መካከል ግን ለአንድ ምሽት ብቻ ታይቶ፣ በዚያው ምሽት መድረክ ላይ ሞቶ፣ ከሞተ በኋላ ለብዙ ዐሥርታት በሐያስያን፣ በባሌት አዘጋጆችና በፊልም ሠሪዎች እጅ «ሲሠራ» የኖረ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በ1930 ባሳተመው «ማሪዮና ምትሃተኛው» በተሰኘው አነስተኛ ልቦለድ ውስጥ የምናገኘው ካቫሊዬሬ ቺፖላ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ቺፖላ የተጻፈው አብዛኛው ሂስ «ቺፖላ ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ሲሆን፣ የተለመደው መልስም «ሙሶሊኒ ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በዚህ መልስ የረካ አንባቢ የድርሰቱን ዋና ጭብጥ ሳያገኘው ያልፋል የሚል እምነት አለኝ። የድርሰቱ ዋና ጉዳይ ከመድረኩ ይልቅ ወንበሮቹ ላይ ነው።

ርእሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ገና ከመነሻው ይፈተናል። ጀርመንኛው «ጻውበረር» የሚለው ቃል የእጅ ቅልጥፍና የሚያሳየውን የመድረክ ሰውም፣ እውነተኛ ጠንቋይ የሚባለውንም ያጠቃልላል። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። ምትሃተኛ የሌለውን እንዳለ፣ ያለውንም እንደሌለ አድርጎ የሚያሳይ፣ ዓይንን የሚያታልል ነው። አስማተኛ ግን ኃይል አለው ተብሎ የሚታመን ነው፤ ኃይሉም ከስም ይመነጫል። «አስማት» በግእዝ «ስም» ለሚለው ቃል የብዙ ቁጥር መሆኑን የቋንቋው ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኔ «ምትሃተኛ» የሚለውን የመረጥኩት ቺፖላ ራሱ በማስታወቂያው ላይ የመረጠው ስያሜ ወደዚህ ስለሚቀርብ ነው። በየግድግዳው በተለጠፈው ወረቀት ራሱን የጉልበት ትርኢት አሳዪ፣ የምትሃት ሰውና የእጅ ቅልጥፍና ባለሙያ ብሎ ያስተዋውቃል። እንደ ተራኪው ገለጻ ግን ይህ ሽፋን ነው። ሰውየው የሰውን ፈቃድ አስሮ እንዳሻው የሚያንቀሳቅስ ብርቱ ሂፕኖቲስት ነው፤ ይህንንም ኃይል ለገበያ ማቅረብ በደንብ የተከለከለ ስለሆነ ራሱን በተራ ምትሃተኛ ስም ይደብቃል። ስለዚህ ማስታወቂያው ምትሃት ይላል፣ ውስጡ አስማት ነው። ተርጓሚው ከሁለቱ የትኛውን ቢመርጥ አንደኛው ፊት ይቀርበታል።

የገጸ ባሕርይው ስምም ባዶ አይደለም። «ቺፖላ» በጣልያንኛ ቀይ ሽንኩርት ማለት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦካቺዮ በጻፈው «ዴካሜሮን» ውስጥ፣ በስድስተኛው ቀን ዐሥረኛ ታሪክ ላይ፣ ፍራ ቺፖላ የሚባል አንድ መነኩሴ አለ። ይህ ሰው ቸርታልዶ በምትባለው፣ በሽንኩርቷ በታወቀች ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ የመልአኩን የገብርኤልን ላባ አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ተንኮለኞች ላባውን ሰርቀው በምትኩ ከሰል ያስቀምጡበታል። እርሱ ግን ሳይደናገጥ፣ ይህ ቅዱስ ሎሬንዞስ የተጠበሰበት ፍም ነው ብሎ ሕዝቡን በከሰሉ ያማትብበትና ምጽዋቱን ሰብስቦ ይሄዳል። የማን ቺፖላ የዚህ መነኩሴ የሩቅ ዘር ነው። አፉ አያልቅበትም፤ ሲጋለጥም እንኳ መጋለጡን ወደ ትርኢት ይለውጠዋል። ልዩነቱ ቦካቺዮ የሚያስቀን መሆኑ ነው።

ቺፖላ ከምን እንደ ተወለደ በመጠኑም ቢሆን ይታወቃል። ቶማስ ማን በ1926 በጋ ከባለቤቱና ከሁለቱ ትንንሽ ልጆቹ ጋር ፎርቴ ዴይ ማርሚ በተባለችው የኢጣሊያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ዕረፍቱን አሳልፏል። በልቦለዱ ውስጥ ቶሬ ዲ ቬኔሬ የተባለችው ይህችው ናት። በዚያ አንድ ምሽት ቤተሰቡ የአንድ ምትሃተኛ ትርኢት ተመልክቷል። ተመራማሪዎች ይህ ሰው በዘመኑ በኢጣሊያ ስመ ጥር የነበረው ሂፕኖቲስት ቼዛሬ ጋብሪኤሊ ነው ይላሉ። የመነኩሴው የገብርኤል ላባና የእውነተኛው ሰውዬ ስም መገጣጠሙ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ደራሲው ግን ስም አውጥቶ መጫወት የሚወድ ሰው እንደ ነበረ ሌሎች ሥራዎቹም ይመሰክራሉ። ጋብሪኤሊ ራሱ ቆይቶ በጦርነቱ ዓመታት ቪቶርዮ ዴ ሲካ በሠራው ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ታይቷል። ማን ታሪኩን ወዲያውኑ አልጻፈውም። ሦስት ዓመት ካሳደረው በኋላ በ1929 በጋ፣ በምሥራቅ ፕሩሲያ ባለችው ራውሽን (የዛሬዋ ስቬትሎጎርስክ፣ ሩሲያ) የባሕር ዳርቻ ላይ ጻፈው። የተጠመደበት ትልቁ ሥራ የዮሴፍ ታሪክ ነበር፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን የመጻሕፍት ሸክም ወደ ዕረፍት ቦታ ይዞ መጓዝ ስላልተመቸው፣ ያለ መጽሐፍ ከትዝታ ሊጻፍ የሚችል ነገር መረጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ማን ምትሃትን የተመለከተው በኢጣሊያ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ1922ና በ1923 ሙኒክ ውስጥ ሽሬንክ-ኖትሲንግ የተባለ ሐኪም ያዘጋጃቸው በነበሩት የመናፍስት ስብሰባዎች ላይ ተገኝቶ፣ ያየውን በ1924 በታተመ አንድ መጣጥፍ ገልጿል። በዚያው ዓመት በወጣው «የምትሃቱ ተራራ» ውስጥም እንዲህ ያለ ስብሰባ አለ። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የሚታየው ስሜት ድርብ ነው፤ ደራሲው በነገሩ ይሳባል፣ በመሳቡም ያፍራል። የቺፖላ ምሽት ተራኪ የተቀዳው ከዚህ ስሜት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምሽቱ እንግባ። ትርኢቱ የሚካሄደው በሳንቃ በተሠራ፣ በወቅቱ ሲኒማ ይታይበት በነበረ አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት እንግዶችና የከተማው ታላላቆች ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ዓሣ አጥማጆችና ጎረምሶች ቆመዋል። ምትሃተኛው ሆን ብሎ ይዘገያል። ሕዝቡ መጠበቅ ሲሰለቸው ከች ይላል። አካሉ የተጣመመ፣ አለባበሱ ያለፈ ዘመን፣ ጥርሱ የተበላሸ ነው፤ ሲጋራና ኮኛክ ከእጁ አይለዩም፤ ጥፍር የመሰለ የብር እጀታ ያለው አለንጋም ይዟል። በአካል ጉድለቱ ምክንያት ለአገሩ በጦር ሜዳ ማገልገል እንዳልቻለ፣ ነገር ግን በነፍሱና በአእምሮው ኃይል እንደ ካሰው ይናገራል። በሮማ ከተማ የዱቼው ወንድም ሳይቀር በትርኢቱ ላይ ተገኝቶ እንዳከበረውም ይጠቅሳል። ሙሶሊኒ በድርሰቱ ውስጥ የሚታየው በዚህ መልኩ፣ በወንድሙ በኩል፣ በጉራ ውስጥ ነው። ደራሲው ከዚህ በላይ አላስፈለገውም።

ሥራው ከቀላል ይጀምራል። አንድ ደፋር ጎረምሳ ቀድሞ «እንደምን አመሸህ» ይለዋል። ቺፖላ ለዚህ ድፍረት ቅጣት ያዘጋጃል፤ ምላስህን ለሕዝቡ አውጣ ይለዋል፣ አለንጋው በአየር ላይ ይጮኻል፣ ምላሱ ይወጣል። ሕዝቡ ይስቃል። ከዚያ የሒሳብ ጨዋታ አለ። ተመልካቾች የሚጠሯቸው ቁጥሮች ይደመራሉ፣ ድምሩም ምትሃተኛው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ጽፎት ይገኛል። ለጽሕፈቱ ወደ ሰሌዳ የተጠሩት ሁለት ወጣቶች መጻፍ እንደማይችሉ ሲናገሩ፣ በታላቂቱ ኢጣሊያ ድንቁርና ቦታ የለውም እያለ በአገር ፍቅር ስም ያዋርዳቸዋል። ሕዝቡ አሁንም ይስቃል፤ ምናልባት ጥቂት ቅር ብሎት። አንድ ጎረምሳ በሆድ ቁርጠት ይኮማተራል። ሌላው እንደ ሳንቃ ደርቆ በሁለት ወንበሮች ላይ ተጋድሞ መቀመጫ ይሆናል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጠየቀው ከቀድሞው በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ ነገር ነው። በምላሱ የሳቀ ሰው በቁርጠቱ ለመቆጣት ምክንያት አያገኝም፣ ቀድሞ ስቋልና። በእኔ ግምት የድርሰቱ ትልም ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው አንባቢውንም በዚሁ ደረጃ በደረጃ ይዞት ይሄዳል።

በካርታ ጨዋታው ላይ አንድ ሰው በራሴ ነጻ ፈቃድ ካርታ መምረጥ እፈልጋለሁ ብሎ ይነሣል። ቺፖላ ይህን ሰው አያከላክለውም። እንዲያውም ጨዋታውን እንደሚያከብድበት ተናግሮ፣ ውጤቱን ግን እንደማይለውጠው ያስረዳዋል። ነጻነት አለ፣ ፈቃድም አለ፣ ነጻ ፈቃድ ግን የለም፤ ወደ ራሱ ነጻነት ብቻ ያነጣጠረ ፈቃድ ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል ይላል። በሥነ መለኮት ትምህርት «ነጻ ፈቃድ» የሚለውን ሐረግ ለሚያውቅ ያገራችን አንባቢ ይህ አነጋገር ከባድ ነው። የሚያስደነግጠውም ክህደቱ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው የሚናገረው በከፊል እውነት መሆኑ ነው።

ይህ የሚፈተነው ከሮማ በመጣው ሰው ላይ ነው። ስሙ ያልተጠቀሰው ይህ ጨዋ ሰው፣ ሌሎቹ አለንጋው በጮኸ ቁጥር መድረክ ላይ ሲጨፍሩ እያየ፣ እኔን ግን ልታስጨፍረኝ አትችልም ብሎ ይቆማል። ትግሉ ረጅም ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይነቃነቃል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነቃነቃል። በመጨረሻ ይጨፍራል፤ ሲጨፍርም ፊቱ ላይ ከቀድሞው የተሻለ እፎይታ ይነበባል። ተራኪው እዚህ ላይ በድርሰቱ ውስጥ እጅግ የተጠቀሰውን ሐሳብ ያነሣል። ሰውዬው የተሸነፈው አቋሙ የአሉታ አቋም ብቻ ስለ ነበረ ነው፤ ነፍስ አለመፈለግን ብቻ ይዛ ልትኖር አትችልም፤ አንድን ነገር አለመፈለግና ምንም ነገር አለመፈለግ እጅግ ስለሚቀራረቡ በመካከላቸው ለነጻነት የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው የሚል ነው። ጌኦርግ ሉካች ይህን ክፍል አንሥቶ፣ የሮማውን ሰው ፋሺዝምን ባይወዱም በአንጻሩ የሚቆሙለት ዓላማ ያልነበራቸው የጀርመን ዜጎች ምስል አድርጎ ተርጉሞታል። ትርጓሜው ብርቱ ነው። ሆኖም ሉካች የሮማውን ሰው ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ይደምረዋል። በአዳራሹ ውስጥ ግን ለመታገል የሞከረ ሌላ ማን ነበር? የተማረው፣ ብዙ አገር ያየው፣ ሁሉን የሚያስተውለው ተራኪያችን እንኳ ወንበሩ ላይ ነበር።

ስለ ስም ቀደም ብሎ የተነሣው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቤተሰቡ ያረፈበት ቤት ባለቤት ሲኞራ አንጆሊዬሪ፣ በወጣትነቷ የታላቋ ተዋናይት የኤሌዮኖራ ዱሴ አጋዥ የነበረች ሴት ናት። ቺፖላ ይህን ያለፈ ታሪኳን በሕዝብ ፊት አውቆ ከተናገረ በኋላ፣ እርሷን እየሳበ ከመቀመጫዋ ያስነሣታል። ባሏን በስሟ ጥራት ይለዋል። ባል ሶፍሮኒያ! እያለ ይጠራል፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያም ጮክ ብሎ። አትሰማም። በትዳር፣ በዘመናት አብሮ መኖር የታሸ ስም በአንድ ምሽት አቅም ያጣል። በአንጻሩ ምትሃተኛው ለሰዎች አዲስ ስም ማውጣት ይወዳል። ማሪዮን ለአማልክት ወይን ከሚቀዳው ከጋኒሜድ ጋር ያመሳስለዋል፤ የመጨረሻውን ሥራውንም የሚሠራው በስም ነው። የግእዙን «አስማት» ለሚያስታውስ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንም።

ማሪዮ የቡና ቤት አስተናጋጅ ነው። ዝምተኛ፣ ጥቂት ያዘነ፣ ለተራኪው ልጆች ደግ የሆነ የሃያ ዓመት ወጣት። ምሽቱ ሊያልቅ ሲል ቺፖላ ይጠራዋል፤ ደንበኛ እንደሚጠራው ሁሉ ለመታዘዝ የለመደ ነውና ይሄዳል። ምትሃተኛው የልቡን ምስጢር ያወጣበታል፤ ሲልቬስትራ የምትባል ልጅ ይወዳል። ከዚያ እኔ ሲልቬስትራ ነኝ ይለዋል። ማሪዮም ያንን የተበላሸ ፊት ይስማል። ከሕዝቡ መካከል የአንድ ሰው ሳቅ ይሰማል። አለንጋው ሲጮኽ ማሪዮ ይነቃል፤ እየሮጠ ከመድረኩ ይወርድና ዞሮ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ተራኪው ፍጻሜውን አስፈሪ ይለዋል፣ ነጻ የሚያወጣም ይለዋል። ልጆቹ ግን ትርኢቱ አልቆ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ፤ ለእነርሱ ከምላሱ እስከ ጥይቱ ድረስ አንድ ጨዋታ ነው።

የቺፖላ ሁለተኛ የሥራ ዘመን የሚጀምረው ከዚህ ሞት በኋላ ነው። ድርሰቱ በወጣበት ዓመት፣ በመስከረም 1930 በተካሄደው ምርጫ የናዚ ፓርቲ በጀርመን ምክር ቤት 107 መቀመጫ አገኘ። በጥቅምት ወር ማን በርሊን ላይ ሕዝቡ ወደ ልቡናው እንዲመለስ የሚጠይቅ ንግግር ሲያደርግ፣ የናዚ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ሠርገው እየጮኹ አወኩት። በ1933 ከአገሩ ወጣ፤ በ1936 ዜግነቱ ተገፈፈ። በፋሺስት ኢጣሊያ ድርሰቱ ሊታተም አልቻለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደራሲው ሥራው ከፖለቲካዊነቱ ይልቅ ግብረ ገባዊነቱ እንደሚያመዝን አጥብቆ ይናገር ነበር፤ ስደት ከገባ በኋላ ግን የማስጠንቀቂያነቱን ገጽታ ይበልጥ ማጉላት ጀመረ። ታሪክ ለድርሰቱ የሰጠውን ትርጉም ደራሲው ሊመልሰው አልፈለገም፤ ሊወቀስበትም አይገባም። ከጦርነቱ በኋላ ሉኪኖ ቪስኮንቲና ሙዚቀኛው ፍራንኮ ማኒኖ ታሪኩን ወደ ባሌት ለውጠው በ1956 በሚላኖው ላ ስካላ አሳዩት። በ1994 ደግሞ ክላውስ ማሪያ ብራንዳወር ፊልም ሠራበት፤ ቺፖላን ራሱ ተጫወተ፣ ፍጻሜውንም ለወጠ። መለወጡ ለእኔ አያስደንቀኝም። አምባገነኖች እንዴት እንደ ወደቁ ለሚያውቅ ትውልድ ሁለት ጥይት እጅግ ርካሽ መፍትሔ ሆኖ ይታያል።

በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ ቺፖላ ቀስ በቀስ ምሳሌ ብቻ ሆነ። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ለዚህ አነባበብ የተለየ ዝንባሌ አለው። በሰምና ወርቅ የሠለጠነ ጆሮ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እስኪያወጣ ዕረፍት የለውም፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙን ማን ያየዋል? «ቺፖላ» ሰም፣ «ሙሶሊኒ» ወርቅ ተብሎ ሲፈታ ቅኔው ያለቀ ይመስላል። ይህን ድርሰት በክፍል ሳስተምር በየዓመቱ የሚገጥመኝ ይኸው ነው፤ ተማሪው መልሱን በሁለተኛው ገጽ ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ማስረጃ ብቻ ያነበዋል። በሰሙ ውስጥ የሚቀረው ግን ቀላል አይደለም። የተራኪው ቤተሰብ ቶሬ ከደረሰ ጊዜ ጀምሮ ተዋርዷል። ከትልቁ ሆቴል የአንዲት ልዕልት ፍራቻ ሰበብ ሆኖ እንዲወጡ ተደርገዋል። የስምንት ዓመት ልጃቸው የአሸዋ ልብሷን ለማጠብ ለቅጽበት ራቁቷን በመታየቷ የአገር ክብር ተደፈረ ተብሎ ቅጣት ከፍለዋል። አልሄዱም። በትርኢቱ መካከል ዕረፍት ነበር፣ ልጆቹም እንቅልፍ ይዟቸው ነበር። አሁንም አልሄዱም። ተራኪው ለምን እንዳልወጡ ደጋግሞ ራሱን ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ምክንያትም ሁልጊዜ በቂ ያልሆነ ነው። ልጆቹ አንሄድም አሉ፤ ነገሩ ያጓጓ ነበር፤ ከቶሬ ያልወጣንበት ምክንያትና ከአዳራሹ ያልወጣንበት ምክንያት አንድ ነው ይላል። ቺፖላ ይህን ሰው በአለንጋ አልነካውም፣ በስሙም አልጠራውም። ሳይነካው ይዞታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የድርሰቱ ባሕር ዳርቻ ከአዳራሹ ያላነሰ ነገር ይናገራል። አሸዋው ላይ የሚጫወቱት የኢጣሊያ ልጆች ስለ አገር ታላቅነት እንደ ትልቅ ሰው ይናገራሉ፤ በባንዲራ ይጣላሉ፤ ከባዕድ ልጆች ጋር ጨዋታው ይበላሻል። ከእነርሱ መካከል ፉጄሮ የሚባል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለ፤ ሸርጣን ስለ ነከሰው መንደሩን በጩኸት የሚያናውጥ። ልቦለዳዊ ልጅን ዕድሜ መቁጠር የሐያሲ ሥራ አይደለም ሊባል ይችላል። ሆኖም በ1926 ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ በጥቅምት 1935፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር መረብን ሲሻገር ሃያ አንድ ዓመት ይሞላዋል። ማን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የጻፈው ልጆቹ በአሸዋ ላይ ሲናገሩ የሰማውን ነው።

ስለዚያ ምሽት ደራሲው በ1930 ለአንድ አንባቢ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር አለ። ምትሃተኛው በእርግጥ እንደ ተገለጸው ነበር፤ የፈጠርኩት ግድያውን ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የእኔ አይደለም፣ ታሪኩን ቤት ሳወራ ትልቋ ልጄ ገድሎት ቢሆን ኖሮ አይደንቀኝም ነበር ብላ ነው ያሳሰበችኝ ይላል። እውነተኛው አስተናጋጅ ከመሳሙ በኋላ እያፈረ ሮጦ ወጣ። በማግስቱ ለቤተሰቡ እንደ ወትሮው ሻይ አቀረበ፤ ደስ ብሎትም ነበር፣ የምትሃተኛውንም የሥራ ችሎታ አደነቀ።